የሚቀምስ ሰው

«ጨው አድርጌበታለሁ እኮ» እላታለሁ፣ የጨው ዕቃውን በእጇ ሳይ።

ድንቅቱ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «መቼ?»

«ድንብላል ልታመጪ ሱቅ ስትሮጪ ነዋ።»

«እኔም እንደተመለስኩ አደረግኩ፣ እትዬ ገነት። አሁን ደግሞ ደገምኩት።»

ሁለታችንም ድስቱ ላይ እናጎነብሳለን። ምስሩ በእርድ ቢጫ ሆኖ ይንተከተካል፤ ቅቤው ላዩ ላይ ያብለጨልጫል። ችግሩ ቅቤው ነው። ሁዳዴ ነው፣ ድንቅቱም ላግዛት የመጣሁት እኔም ጾመኞች ነን፤ ይህን ድስት የሚቀምስ ሰው በዚህ ቤት የለም።

ለወትሮው እኔ ጨው የማውቀው በአፍንጫዬ ነው። የፋሲካን ዶሮ ስንት ዓመት ሳልቀምስ ሠርቻለሁ፤ መላው ሰበታ ምስክሬ ነው፣ ስጎርርበትም ኖሬያለሁ። አሁን ጎንበስ ብዬ ሽታውን እስባለሁ። ከሙን፣ ዝንጅብል፣ ስሙን የማላውቀው ቅጠል። አፍንጫዬ ተሳስቶ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

«ምን ይላል?» ትለኛለች።

«ሕንድኛ ነው የሚናገረው።»

አትስቅም። እነዚህ ሰዎች ሥጋ አይነኩም፣ ቅቤና እርጎ ግን ነፍሳቸው ነው ብላ ስትነግረኝ፣ «ግማሽ ጾም ይዘዋላ» ብያት ያኔም አልሳቀችም። ከጠዋት ጀምሮ ከዕድሩ የተዋስነውን ወንበር እያዟዟረች፣ የተጠረገውን ወለል እየደገመች ውላለች። የሚመጡት ሦስት ሕንዶች እሷ በምታጸዳበት የፋብሪካ ማረፊያ የሚኖሩ ናቸው። ወጥ ሠሪያቸው እናቱ ታመውበት አገሩ ገባ። ሌላ ከማስመጣታችሁ በፊት የእኔን ቅመሱ ብላ ቤቷ ጠራቻቸው። ወለል ስትወለውል ዓይኗ ምድጃው ላይ እንደነበር ማን አውቆባት። ከወደዱላት ከሰኞ ጀምሮ ወጥ ቤቱ የእሷ ነው። ካልወደዱላት መወልወያው እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል።

«በጣትሽ ጫፍ ነካ ብታደርጊው...» እላታለሁ።

«አንቺ ለምን አትነኪውም?»

«እኔማ ሥራ አልፈልግ።»

ስልኳ ይጮኻል። ባሏ ጃለታ ነው፣ በባጃጁ ሊያመጣቸው የሄደው። «ዱፋ ጅራ» ብሎ ይዘጋዋል። እየመጡ ነው።

ድንቅቱ ግድግዳውን ታያለች። እኔም አያለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ጣቢታ አለች። ጣቢታ ከሆሳዕና መጥታ ክር ፋብሪካ የምትሠራ ጴንጤ ናት፤ ሁዳዴ አይመለከታትም። ችግሩ፣ ጾሙ በገባ ሰሞን ድንቅቱ በሯን አንኳኩታ «የጥብስሽ ሽታ ቤቴን ሞላው፣ መስኮትሽን ዝጊ» ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም።

«እሷንስ አልለምንም» ትላለች ድንቅቱ፣ ምንም ሳልጠይቃት።

«ተዪዋ። ውሃ እያማጉ ይበሉታል።»

ሽርጧን ሳትፈታ ትወጣለች። ስትመለስ ጣቢታ ከኋላዋ ናት፤ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ትቆማለች።

«መስኮቴ ዝግ ነው» ትላለች።

«ለእሱ አይደለም። ቅመሺልኝ።»

ጣቢታ ድስቱን ታያለች፣ ከዚያ እኔን። ማንኪያውን አቀብላታለሁ። እፍ እፍ ብላ ትጎርሳለች። ሁለት ጾመኛ ሴቶች የሰው ጉሮሮ እያየን ምራቃችንን እንውጣለን።

«ውሃ» ትላለች።

ድንቅቱ በርጩማው ላይ ዝርፍጥ ትላለች።

ጣቢታ ውሃውን ጨርሳ ሌላውን ምድጃ ታያለች። «ይሄስ?»

«የኛ እራት ነዋ» እላለሁ። «ቅቤም ጨውም ያልነካው ምስር።»

ሌላ አትጠይቅም፤ እንዳለ ጨው የበዛበት ድስት ውስጥ ትገለብጠዋለች። ታማስላለች፣ ትቀምሳለች፣ እርድ ጣል ታደርጋለች፣ ደግማ ትቀምሳለች። የኔ እራት ዓይኔ እያየ ሕንድ አገር ገባ።

«አሁን ሰው ይበላዋል» ብላ ማንኪያውን ታስቀምጣለች። ከውጭ የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማል። ልትወጣ ስትል ድንቅቱ በሩ ላይ ትቀድማታለች።

«አትሂጂ። ባለቤት ሳይጎርስ እንግዳ እንዴት ይጎርሳል? እኛ፣ ጃለታም ጭምር፣ አንቀምስ። አንቺ አብረሻቸው ተቀመጪልኝ።»

«ምንሽ ነኝ ብዬ?»

«ጎረቤቴ ነሽ።»

«ጎረቤት ነን እንዴ?»

ድንቅቱ ዛሬ ልትለብሰው ያወጣችውን አዲስ ነጠላ ከምስማሩ ላይ አንስታ ጣቢታ ትከሻ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ጣቢታ አታወርደውም።

እኔና ድንቅቱ ከመጋረጃው ጀርባ ነን። ሦስቱ ሰዎች እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል፤ ማንም አይጀምርም። ጃለታ ደንግጦ የለስላሳውን ጠርሙስ ሁሉ እየከፈተ ይደረድራል። ጣቢታ ቻፓቲውን፣ የሕንዶቹን ቂጣ፣ ትቆርስና ከምስሩ ጠቅሳ ትጎርሳለች። ያኔ እነሱም እጃቸውን ይዘረጋሉ።

«ምን አለ?» ድንቅቱ ታንሾካሹካለች። ማየቱ አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«የቱ?»

«ትልቁ ነዋ። ወሳኙ እሱ ነው።»

«አፉን ሞልቶ ምን ይበል?»

ትልቁ ሰውዬ ሳህኑን በቻፓቲ ጠርጎ ይጨርሳል። ጢሙን ያብሳል። ከዚያ ሳህኑን ወደ ጣቢታ ይዘረጋል።

ጭልፋው እጇ ሥር ነው። አታነሳውም። በአገጯ ወደ መጋረጃው ታመለክተዋለች። ሰውዬው ዞሮ ወደ እኛ ያያል፣ ሳህኑ እንደተዘረጋ።