ቀይዋ መብራት

ብሪያና ወንጌል ልትሰብክ አየርላንድ፣ ሊምሪክ ከተማ በገባች ማግስት፣ ከተከራየችው ክፍል ግድግዳ ላይ የኢየሱስን ሥዕል አውርዳ መሳቢያ ውስጥ በግንባሩ ደፍታ ከተተችው። አከራይዋ ወይዘሮ ኖሪን ንጹሕ አንሶላ ይዘው ሲገቡ፣ ከሥዕሉ ሥር ቀን ከሌት የምትበራው ቀይ መብራት ባዶ ግድግዳ ታበራለች።

«ምነው ልጄ፣ ጌታችን ምን አደረገሽ?»

«ኢየሱስ ሥዕል ውስጥ የለም፣ እማማ። ይህንኑ ላስተምራችሁ ነው የመጣሁት።»

«ተባረኪ! እኛማ እስከ ዛሬ ለድንች ነበር የምንሰግደው።»

አሮጊቷ አንሶላውን አልጋው ላይ ጥለው መሳቢያውን ሳቡ። ሥዕሉን ገልብጠው፣ ብሪያና ልብ ያላለቻትን፣ ከፍሬሙ ጥግ የተሰካች የሙት መታሰቢያ ካርድ ብቻ ነቅለው አወጡ። ካርዷ ላይ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ፎቶ ይስቃል። በሽርጣቸው ጠረጓት።

«ጌታን እንደፈቀድሽ አድርጊው» አሉ። «የኔ ልጅ ግን ጨለማ ይፈራ ነበር።»