እብጠቱ እስኪጎድል

ልጅቷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ወላጆቿ ቤት ከገባች ጀምሮ የአባቷ ነገር አልጣማትም። የልጅ ልጅ ያየ ልብስ ሰፊ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ስንት ዘመን ያሳደገውን ጢም ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ማታ ማታ ደግሞ የጉርምስናውን ኮት ዘርግቶ ወገቡን ያሰፋል። በዚህ ዕድሜው ምን ነካው?

እናትየው መኝታ ቤቱን ከውስጥ ቆልፋ ነው የምታድረው፤ እሱ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ። ይሄ እንኳ ለልጅቷ አዲስ አልነበረም። እናቷ በስልክ ለወራት ስትነግራት ከርማለች፤ ሰውዬው ሰለቸኝ፣ ምናለ ቤቴን ለቆልኝ ቢሄድ እያለች። የገዛ ባሏን «ሰውዬው» እስክትል ድረስ ምን ቢያደርጋት ነው?

እንጂማ እናትየው ያው እናቷ ናት። ከስተሻል ብላ ትቆጣታለች፣ በጎረቤት ትቀልዳለች፣ አቅፋ ስማ አትጠግባትም። የአባቷ ነገር ሲነሳ ብቻ ፊቷ ይጠቁራል። «እሱማ መች ቤት ይገኛል» ትላለች። ይህን ስትል አባትየው ወጥ ቤት ቆሞ ሰሃን ያጥብ ነበር። ሽሙጡን ሰምቶ ማጠቡን ቀጠለ። ልጅቷም ይህን ከጥፋተኝነት ቆጠረችው።

አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ የተወው ስልኩ ጮኸና አነሳችው። ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ ነው። ሐሙስ እንዳይቀር፣ አስፕሪንም እንዳይወስድ ንገሪልኝ ብላ ዘጋች። አባትየው ሲጠየቅ አፈረ፤ ከዓይኑ ሥር የተንጠለጠለውን ከረጢት በቀዶ ጥገና ሊያስነሳ መሆኑን፣ ወደ ቤት የሚመልሰው ሰው እንደሚያስፈልገውም ተናገረ። አብሬህ እሄዳለሁ አለችው። አዝናለት አይደለም፤ የነገሩን ሥር ልታገኝ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ዶክተሯ የታችኛውን የዓይን ቆቡን በጣቷ ሳብ አድርጋ አየችው። ሁለት መንገድ አለ አለች። አንደኛው በቆቡ የውስጥ ገጽ ገብቶ ስቡን ማውጣት ወይም ቦታውን ማስተካከል ነው፤ ውጪ ጠባሳ አይታይም።

«ከገበሩ በኩል ማለት ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

ዶክተሯ ሳቀች። ግን የእሱ ቆዳ ስለረገበ ያ ብቻውን አይበቃም፤ ከሽፋሽፍቱ ሥር በውጪ ቀዶ ትርፉን ቆዳ ማንሳትም ያስፈልጋል። ከመጠን ካለፈ ቆቡ ወደ ታች ይሳባል፣ ዓይን ይደርቃል፤ እምብዛም ባይሆን ማየት የተሳናቸውም አሉ። አባትየው ለዚህ ሁሉ ራሱን ነቀነቀና ከደረት ኪሱ ፎቶ አወጣ። የሠርጉ ፎቶ ነው። ሙሽራዋን ወደ ኋላ አጥፏታል።

«ይሄን ልጅ መልሼ አላመጣልዎትም። ቀረብ ግን አደርግዎታለሁ» አለች ዶክተሯ።

«ቀረብ ካለልኝ ይበቃኛል።»

ልጅቷ የታጠፈውን ፎቶ ስታይ እርር ድብን አለች። ቀዶ ጥገናው አልቆ ሲመለሱ፣ እሱ ታክሲ ውስጥ ቀዝቃዛ ፎጣ ዓይኑ ላይ እንደያዘ፣ መታገሥ አቃታት።

«ሴት አለች፣ አይደል አባዬ?»

«አለች።»

«እማዬ ታውቃለች?»

ፎጣውን አገላበጠ። «እናትሽ ምንም አታውቅም» አለ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ! ልጅቷ እዚያው ቆረጠች። እናቴን ይዣት እሄዳለሁ፣ ከእንግዲህ አብራህ አትኖርም፣ አንተም ከወደድካት ጋር ኑር አለችው። አባትየው ፎጣውን ከዓይኑ አወረደ። ዓይኖቹ በልዘው አብጠዋል፤ እያለቀሰ ይሁን አይሁን አይለይም።

«እብጠቱ እስኪጎድል ብቻ ጠብቂኝ» አላት። «ካልሆነልኝ እኔው ራሴ ሻንጣዋን ተሸክሜ እሸኛችኋለሁ።»

ያን ቀን ቤት እንኳ አልገባም። ቁስሉ እስኪሽር ልብስ መስፊያ ሱቁ አድራለሁ ብሎ ከመንገድ ወረደ። ልጅቷ ሱቅ የሚለውን አላመነችም፤ የት እንደሚያድር የምታውቅ መሰላት። እናትየው ግን ሰውዬው በመቅረቱ ቀለል አላት። በሯን ሳትቆልፍ ተኛች፣ ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረች። ልጅቷ ይህን አይታ ውሳኔዋ ልክ እንደነበረ አመነች፤ የእናቷን ልብስም አንድ በአንድ አጣጥፋ ሻንጣ ሞላች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሊሄዱ በተሰናዱበት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አባትየው ነው። ያሰፋውን ኮት ለብሷል፣ ከዓይኑ ሥር ያለው ከረጢት ጠፍቷል፣ ከሽፋሽፍቱ በታች ቀጭን ቀይ መስመር ብቻ ቀርቷል። ልጅቷ በሩ ላይ ተገተረችበት። እናቷ ልትጮህበት ነው ብላ ጠበቀች።

እናትየው ከተቀመጠችበት ተነሳች። ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች። ልጇን በክንዷ ገፋ አድርጋ አለፈችና የባሏን እጅ ያዘች።

«የት ጠፍተህ ነው ይህን ያህል የምታስጠብቀኝ?» አለችው። «ቶሎ ግባና በሩን ቆልፈው፤ ያ ሳሎን የሚያድረው ሽማግሌ ተመልሶ እንዳይመጣብኝ።»