ድርብ ክር
አውሮፕላኗ ከአዘዞ ሜዳ በላይ ዞራ ስትመለስ፣ የፓራሹት ክለቡ አሠልጣኝ በእጁ ፀሐይዋን ከልሎ በሯን ይፈልግ ነበር። ከጎኑ የቆሙት የዋሴ እናት የልጃቸውን የመጀመሪያ ዝላይ ሊያዩ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥተዋል። ትናንት ዋሴ፣ "እናቴ ፓራሹቱን በእጇ ትዳብሰውና ልቧ ይረፍ" ብሎ ሲለምነው፣ አሠልጣኙ ደንቡን ጥሶ ዋናውና መጠባበቂያው ፓራሹት ከነቦርሳቸው ዋሴ ቤት እንዲያድሩ ፈቅዶለት ነበር።

"እኔ ምለው ጌታው፣" አሉ እናትየው እየሳቁ፣ "ይኼን ሁሉ ስታስተምሩ መርፌ አጣችሁ? የቦርሳውን ክዳን የሸረሪት ድር በምታህል ክር አንጠልጥላችሁ ልጄን ሰማይ ልትሰዱት?"

"እሷ ክር እንድትበጠስ ነው የታሰረችው፣ እሜቴ፤" አላቸው ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል። "እሷ ካልተበጠሰች ጨርቁ አይወጣም።"

ሳቃቸው ቆመ። "እሱ ተኝቶ ሳለ በድርብ ክር ሰፋሁት፤" አሉ ድምፃቸው ቀጥኖ። "የጀርባውንም፣ የደረት መጠባበቂያውንም። እንዳይታይ ብዬ በውስጥ በኩል።"

የአሠልጣኙ እጅ ከግንባሩ ወረደ። ወደ ላይ የሚጣራበት ሬዲዮ አልነበረውም። አንዲት ጥቁር ነጥብ ከአውሮፕላኗ ተለየች።

ዋሴ ማታ እናቱን ቆጠራውን አስተምሯቸው ኖሯል፤ አራት ሲባል ፓራሹቱ ይከፈታል ብሏቸዋል። ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ቆጠሩ። አራተኛዋን አጥፈው ጠበቁ። ከዚያ ያጠፏቸውን ጣቶች ቀስ ብለው ዘረጉና እንደገና ከአንድ ጀመሩ።