ድምፅ ያጠፋል

የቤታችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት፣ ለታዘዘው ሥራ የሚጠቀምበትን መሣሪያ፣ ማለትም ፕሮግራም፣ የሚመርጠው የመሣሪያውን መግለጫ አንብቦ ነው። የሟቹን ባሌን የመርዕድን የተቀዳ ድምፅ በረዳቱ አስከፍቼ ሻይ ስጠጣ፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ ገቡ።

«አንቺ፣ ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ!» ይላል መርዕድ።

«ኧረ ልጄ፣ ሙት ማስለፍለፍ ደግ አይደለም! አጥፊው!»

ረዳቱ ሰምቶ አጠፋው።

እንዲህ ያሉ የመሣሪያ መግለጫዎችን መመዘን ሥራዋ የሆነው፣ አጠገቤ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ሶስና የረዳቱን ስክሪን አይታ ደነገጠች።

«አክስቴ፣ የሁለት መሣሪያዎች መግለጫ ‹ድምፅ ያጠፋል› ይላል። አንዱ ዝም ያሰኛል፤ ሌላው ጨርሶ ይሰርዛል።»

«የቱን መረጠ?»

«ስክሪኑ አያሳይም፤ ‹ክፈት› ስትዪው ነው የሚታወቀው።»

እትዬ ዘርፌ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሁለቱም እኔን ያዩኛል። «ክፈት» ማለት አቃተኝ።

ሻዬን አነሣሁ። ቀዝቅዟል።