ከበሩ በላይ

የአዲስ አበባዋ አርክቴክት አቅም ለሌላቸው ሐረሮች የነደፈችው የድንጋይና የጭቃ ቤት ሙቀት አያስገባም፤ የዝናብ ውኃ ያጠራቅማል። ያየው ሁሉ ግን «ኮንዶሚኒየም ይሻለናል» እያለ አንገቷን አስደፍቷታል። ቢቸግራት ለናሙና የተሠራውን ቤት አስጌጠችው፤ የተረፋትን ቀይ ምንጣፍም ጠቅልላ ከበሩ በላይ አኖረችው።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ደጁን ሞሉት። በሆዷ ጮቤ ረገጠች።

«ለቤቱ ነው የመጣችሁት?»

«የቤቱስ ይደርሳል» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አው ሙክታር። «ልጃችን ልኮን ለልጅቷ ነው። በእኛ አገር ከበር በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ፣ ያልተዳረች ልጅ አለች ማለት ነው።»

ሳቋ አመለጣት። ምንጣፉን ልታወርድ ስትንጠራራ ከሽማግሌዎቹ ኋላ አየችው፤ በእያንዳንዱ ግድግዳ ጉዳይ ሲከራከራት የከረመው የቤቱ ግንባታ መሐንዲስ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ አቀርቅሯል።

ምንጣፉን አስተካክላ እጇን መለሰች።

«ግቡ አባቶቼ፤ እግረ መንገዳችሁን ቤቱንም ታዩታላችሁ።»