አልለቅ ያለው አሸዋ

ፕሮፌሰሩ «በአንዲት እንስሳ አዲስ ዝርያ አይሰየምም፤ መሰሎቿን ፈልጊ» ብለው ከመለሷት ወዲህ፣ ተማሪዋ ከጅቡቲ ያመጣችውን አሸዋ በባሕሩ ውኃ ብታጥበው ብታጥበው፣ መጀመሪያ ከውስጡ ያገኘቻት ያቺ በዓይን የማትታይ ፍጥረት መሰል ሳይገኝላት ብቻዋን ቀረች። ያልታጠበ አንድ ሳህን ብቻ ተርፏታል።

ከጓዳ ስትመለስ እናቷን ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብላ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ምን አፈሰስሽበት?»

«ጸበል ነዋ! ስንት ጊዜ አስለቀሰሽ፤ የያዘውን ይልቀቅ ብዬ ነው።»

«የባሕር እንስሳ እኮ ጨው በሌለው ውኃ ይሞታል! ጉድ ሠራሽኝ!»

እንባዋን እየጠረገች ውኃውን በማይክሮስኮፕ አየችው። የባሕሩ ውኃ ያላላቀቃቸው፣ አሸዋውን ሙጥኝ ብለው የኖሩት ጨው በሌለው ጸበል ደንግጠው ለቀው፣ የዚያችው መሰሎች፣ ወንድ ሴቱ፣ ይንሳፈፋሉ።

የታጠበው አሸዋ የተከመረበትን ባልዲ ዞራ አየችው።

«እማዬ... ጸበሉ ተርፏል?»