ጨው አነሰው?

ሕጉ ለአንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ አንድ ቀይ ዓሣ ብቻ ይፈቅዳል፤ የሚበላውም ያጠመደው ሰው ብቻ ነው። ባለቤቴ ደጀኔ የራሱን ገና ሳንጋባ፣ በወጣትነቱ በልቶ ጨርሷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ጣዕሙ እያወራ ጆሮዬን አደነቆረኝ። ጡረታ ስወጣ "እስቲ እኔም ልቅመሰው" ብዬ ጀልባ ተከራየሁና ከታጁራ ወደብ ደጀኔን ይዤ ወደ ባሕሩ ገባሁ።

ክንዴ እስኪዝል ታግዬ ቀዩን ዓሣ ከጥልቁ ጎትቼ አወጣሁት። የጀልባው ባለቤት ሁመድ እዚያው ከሰል ላይ ጠበሰልኝ። ትኩሱን ቆረስ አድርጌ በዳቦ ስጠቀልል፣ እጄ ሳላዘው ወደ ደጀኔ አፍ ሄደ። እሱም ሳያስበው አፉን ከፈተ።

"ኧረ ተይ፣ እማማ!" አለ ሁመድ። "ምሰሶው ላይ ያለው የተቆጣጣሪዎቹ ካሜራ እያየን ነው፤ ጀልባዬን ይወርሱብኛል።"

"ጉርሻ እኮ ነው!" ጮህኩበት።

"ጉርሻም ቢሆን።"

የሰው እንጀራ መዝጋት አልፈለግኩም። እጄን መለስኩና ራሴ ጎረስኩት። የደጀኔ አፍ ግን እንደተከፈተ ቀረ። የማደርገው ሲጠፋኝ፣ ቤት ወጥ ሳቀምሰው እንደምለው፣ "ጨው አነሰው?" አልኩት።

ባዶ አፉን ቀስ ብሎ አኘከ።

"ልክ ነው" አለኝ።